ጥያቄው ራሱ ሲሳሳት

ባለፈው እትም ለንደን ውስጥ የምጫወትበትን የጥያቄና መልስ ሊግ ሳነሳ ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ፐብ ውስጥ ሁለት ቡድኖች አራት ለአራት ሆነን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ጥያቄው በተራ ይመጣል። ብቻህን ከመለስክ ሁለት ነጥብ፣ ከጓደኞችህ ተማክረህ ከመለስክ አንድ። ካልቻላችሁ ለተቃራኒው ቡድን ያልፋል። ጥያቄ የማውጣቱ ሥራ በየተራ ይደርሰናል። እኔ ከመጫወቱ ይልቅ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ አስተማሪ ነኝ። በክፍል ለክፍል ውድድራችን ላይ «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ቡድን 1952 አለ። ሌላው 1953 አለ። ካርዴ ላይ የጻፍኩት 1953 ነው። ግን የመጀመሪያው ቡድን ክስ አስያዘ፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ አኩርፈዋል። ነጥቡ የማን ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ነጥቡ የ1952ቶቹ ነው። እባክዎ ልጆቹን ጠርተው ይንገሯቸው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁላችንም «ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ቀንስ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት» እየተባልን ነው ያደግነው። ሴፕቴምበር ሲባል ደግሞ መስከረም ነው ብለን እናልፋለን። ከ1960 ላይ ሰባት ሲነሳ 1953 ይመጣል። ነገር ግን የሮም ማራቶን የተሮጠው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። የእኛ ዘመን የተለወጠው በማግስቱ በ11 ነው። ስለዚህ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ!

ይህን መጀመሪያ ያሰላሁት አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልኬ ላይ ነው። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። እስቲ አስቡት። ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ነው የተጀመረው። አበበ በባዶ እግሩ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ድንጋይ ላይ ይሮጣል። ጨለማ ሲሆን የኢጣሊያ ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ ይዘው ያበሩለታል። ጣሊያን ከአክሱም የወሰደው ሐውልት ያኔ እዚያው ሮም ነው፤ በሥሩ ያልፋል። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ይገባል። በዚያው ማታ ሀገር ቤት በየደጁ የዘመን መለወጫ ችቦ ይበራል። ችቦ እዚያም፣ ችቦ እዚህም። እኔ እንግዲህ ይህን ለተማሪ ሳልነግር ዝም ብዬ «በስንት ዓመት?» ብዬ ማለፍ አልችልም።

ካርድ ሲጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር ከነቀኑ ያስፍሩ። ዓመቱን ብቻ መቀነስ ያሳስታል። ቀኑን ይዘውም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። በፈረንጆቹ 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። እኛ ደግሞ ጳጉሜን 6ን በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ ነው የምንቆጥረው። በዚያ ምክንያት አንድ ቀን ተገፋ። «ዓድዋ በማርች ስንት?» ቢባሉ ጦርነቱ የተደረገበትን ቀን ነው ወይስ በዓሉ ዛሬ የሚውልበትን? ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሊድስ ነው የምኖረው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡድን አለን፤ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። «የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ማነው?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አበበ ቢቂላ» አልኩ፣ በሙሉ ልብ። ጠያቂው «አይደለም» አለ። በሀገሬ ጉዳይ ቡድኔን አስጣልኩ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነት ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያ ተብሎ ከተጠየቀ አዎ። ግብፃዊው ክብደት አንሺ ኤል ሰዪድ ኖሴር እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ወስዷል። ከእሱ በፊት ደቡብ አፍሪካዊው ሬጂ ዎከር በ1908 እዚሁ ለንደን 100 ሜትር አሸንፏል። በማራቶንም ቢሆን በ1928 ኤል ዋፊ፣ በ1956 ሚሙን አሉ። ሁለቱም አልጄሪያ የተወለዱ ናቸው፤ የሮጡት ግን ለፈረንሳይ ነው።

የአበበ ትክክለኛ ማዕረግ «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት» ነው። ያቺ «ጥቁር» የምትለዋ ቃል ከወደቀች መልሱ ይለወጣል። ደራርቱ ቱሉም እንደዚሁ ናት። በ1992 ባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ናት። ሞሮኳዊቷ ነዋል ኤል ሙተወኪል ግን በ1984 ሎስ አንጀለስ 400 ሜትር መሰናክል ወስዳለች።

ይህን ስጽፍ የአበበን ክብር የምቀንስ የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አልቀነስኩም። ማንም ሊነካው የማይችለውን ማዕረግ ከፈለግሽ፣ አበበ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው የዓለም ሰው ነው። ሁለተኛውን በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄ የማውጣቱ ተራ ሲደርስሽ ይህን ጠይቂ። ክስ የሚያስይዝ አይኖርም። እንቅልፍሽንም ተኚ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። የራስ ዳሽን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው ወይስ 4,550? ጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ 4,620 በድሮ መጻሕፍት ያለ ቁጥር ነው። የኋላው ልኬት ወደ 4,550 ያወርደዋል። ይህቺ ጥያቄ እኔንም አቃጥላኛለች። ወልድያ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስን። ደወሉ የብረት ዘንግ ነበር፤ በድንጋይ ነው የሚመታው። ቀድሜ መታሁ። ቤት ካለው አትላስ ያነበብኩትን ተናገርኩ። ጠያቂው ካርዱን አገላብጦ አየና «አይደለም» አለ። እሱ የያዘው ሌላ መጽሐፍ ነበር። የቡድን ጓደኛዬ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተወው» ያለኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ስለዚህ ከፍታ አልጠይቅም። የተለካ ነገር እንደገና ይለካል። ስለዚያ አካባቢ መጠየቅ ካስፈለገ እንዲህ እላለሁ፦ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች ሁለቱ የኢትዮጵያ ናቸው። የትኞቹ? መልሱ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ለክቶ አይቀይረውም። ውርርዳችሁን ግን ሰርዙት፤ ሁለታችሁም መጽሐፍ አይታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነን። በማኅበራችን ስድስት ቡድኖች አቋቁመናል። ጥያቄ የምንወስደው ከአንድ ወፍራም የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ነው። ከሰው መጽሐፍ ጥያቄ መውሰድ ሕግ ያስጠይቃል?

መልስ፦ እዚያው አሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1974 የጠቅላላ ዕውቀት ኢንሳይክሎፒዲያ አሳተመ። ሌላ ሰው ቢገለብጥበት እንዲያውቅ ብሎ ውስጡ ሆን ብሎ አንድ ውሸት ቀበረ። በቴሌቪዥን የታወቀው መርማሪ ኮሎምቦ የመጀመሪያ ስሙ «ፊሊፕ» ነው ብሎ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው ጨዋታ ወጣ። ካርዱ ላይ «የኮሎምቦ የመጀመሪያ ስም ማነው?» ይላል። መልሱ፦ ፊሊፕ።

ዎርዝ በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። አዘጋጆቹ መጽሐፉን ከሌሎች ምንጮች ጋር መጠቀማቸውን አልካዱም። ፍርድ ቤቱ ግን ክሱን አልተቀበለውም፤ ይግባኙም በ1987 ወደቀ። እውነታ የማንም ንብረት አይደለም ነው ነገሩ። የጸሐፊው የሆነው አጻጻፉና አመራረጡ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩን ወስዳችሁ በራሳችሁ ቃል ጠይቁ። ገጹን እንዳለ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አታድሉ።

እኔን ያስተማረኝ ግን ሕጉ ሳይሆን ወጥመዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቦታ ያላየሁትን ነገር ካርድ ላይ አልጽፍም። ሁለቱ ደግሞ አንዱ ከሌላው የገለበጠ እንዳይሆን አያለሁ። ከካርዱ ጀርባ ከየት እንዳገኘሁት በእርሳስ እጽፋለሁ። ስድስት ቡድን ካላችሁ አንድ ሰው ጥያቄ ያውጣ፤ ሌላ ሰው ደግሞ መልሱን ሳያይ ራሱ ፈልጎ ያምጣ። ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙ ጥያቄው ይጣል። በኮሎምቦም እንዲህ ተደርጎ ቢሆን ይያዝ ነበር። በ1971 በታየ አንድ ክፍል ውስጥ መርማሪው መታወቂያውን አውጥቶ ያሳያል። ምስሉን አቁሞ የሚያይ ሰው ከፊርማው ላይ «ፍራንክ» የሚል ያነባል።