ነጠላ የለበሰ ጣዕረ ሞት፦ የሃሎዊን ግድግዳ በትንሽ ወጪ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። «የጓደኞቼ ቤት ሁሉ ለሃሎዊን አምሯል፣ የእኛ ብቻ ባዶ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ሱቅ ገብቼ ዋጋውን አየሁና ባዶ እጄን ወጣሁ። ምስማር መምታት የኪራይ ውሉ (ሊዙ) ይከለክላል። በዚያ ላይ ባለቤቴ «የሰይጣን በዓል ቤቴ አይገባም» ብሏል። ምን ይሻለኛል? (የአንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የባልሽን ነገር እንጨርስ። የወረቀቱ ሥራ ቀላል ነው።

እኔም ቤት ይኸው ክርክር ነበር። ሃሎዊን የሚለው ስም «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚለው የመጣ ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ኖቬምበር 1 ቀን ቅዱሳንን ሁሉ ያስባሉ፤ ኦክቶበር 31 ዋዜማው ነው። ዱባ የመቅረጹን ልማድ ወደ አሜሪካ ይዘው የመጡት በተለይ የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። አገራቸው ይቀርጹ የነበረው ተርኒፕ የሚባል ሥር ነበር፤ እዚህ ሲደርሱ ትልልቅ ዱባ አገኙ። ልጆች ቤት ለቤት ዞረው ከረሜላ ሲሰበስቡ ሳይ ደግሞ እኔ ትዝ የሚለኝ ሆያ ሆዬ ነው። ዱላውና ሙልሙሉ ቀረ እንጂ!

ይህን የምልሽ ባልሽን እንድትረቺበት አይደለም። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለንስሐ አባታችሁ ተዪው። ግድግዳው ላይ ምን እንደሚወጣ የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ። የራስ ቅልና ደም ግድ አይደለም። የሌሊት ወፍ፣ የሸረሪት ድር፣ ዱባ፣ ቀይና ብጫ ቅጠል ይበቃል። የሌሊት ወፍን ደግሞ የፈጠራት እግዚአብሔር ነው፤ ባልሽም ይህን አይክድም።

ወደ ሥራው እንግባ። የሕፃናት ማቆያ (ዴይኬር) ስሠራ 11 ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወረቀት የሌሊት ወፍ የሚያህል ርካሽና አሪፍ ነገር አላገኘሁም። ኮንስትራክሽን ፔፐር የሚባለውን ወፈር ያለ ጥቁር ወረቀት ግዢ። 9 በ12 ኢንች የሆነው ይሻላል። ዶላር ትሪ የሚባለው ርካሽ ሱቅ ሂጂ፤ ስሙ እንደሚለው ሁሉን በ1 ዶላር መሸጡ ግን 2021 ላይ ቀርቷል።

አንዱን ወረቀት አራት ቦታ ቁረጪው። እያንዳንዱን ለሁለት እጠፊው። ከዚያ የታጠፈው ጠርዝ ላይ ግማሽ ወፍ ብቻ ሣዪ፦ ግማሽ ራስ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ክንፍ። እርሳስ ጥቁር ላይ አይታይም፣ ጠመኔ ያዢ። ቆርጠሽ ስትዘረጊው ሁለቱም ክንፍ እኩል ይወጣል። መጀመሪያ ከባዶ የሲሪያል ካርቶን አንድ ሞዴል ቁረጪና ልጅሽ እሱን እያስደገፈች ትሣል። አሥር ወረቀት 40 ወፍ ይሰጥሻል። ሁሉም አንድ መጠን እንዳይሆኑ፤ ጥቂቶቹ የመዳፍሽን ያህል፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የአውራ ጣትሽን ያህል ይሁኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ወፉን እንደ ስቲከር ግድግዳው ላይ ልጥፍ አታድርጊው። ከገላው ግራና ቀኝ ክንፎቹን በጥፍርሽ ወደ ፊት ስበሪያቸው። ፕላስተሩ ከገላው ሥር ብቻ ይሁን። ክንፎቹ ከግድግዳው ተነስተው ይቆማሉ፣ ጥላ ይጥላሉ። ማታ መብራት ከታች ስታበሪ 40ው ወፍ 80 ይመስላል! አደራደሩም አለው፤ ከአንድ ጥግ፣ ለምሳሌ ከሶፋው ጀርባ፣ ተጨናንቀው ይውጡና ወደ ጣሪያው ሲሄዱ ይሳሱ። በሰልፍ ከደረደርሻቸው ወፍ ሳይሆን የግድግዳ ወረቀት ይሆኑብሻል።

ለሸረሪት ድሩ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ይበቃል። ከፍተሽ አራት ማዕዘን ቁረጪው። ሦስት ማዕዘን አድርገሽ እጠፊ፣ ደግመሽ እጠፊ፣ ሦስተኛም። የሳምቡሳ ቅጠል እንደምታጥፊው ማለት ነው። ሹሉ ጫፍ የድሩ መሀል ነው። ከአንደኛው ጎን ተነስተሽ ጎበጥ ጎበጥ እያደረግሽ ቆርጠሽ አውጪ፤ በሌላኛው ጎን ግማሽ ኢንች ሳትነኪ ተዪ። ዘርጊው። የመጀመሪያው ቢቀደድብሽ አትናደጂ፣ የእኔም ተቀዷል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ፌስታሉን ተዪና በነጭ ክር ሥሪው፤ ፌስታል ያፍናል።

ሌላ ደግሞ ከቡና ጋር የሚሄድ አለ። በረካው ከተጠጣ በኋላ አተላውን አትድፊው። በሙቅ ውኃ በጥበጪና ጥቂት ነጭ ወረቀት ንከሪበት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሻወር ቤት አንጥልጥለሽ አሳድሪው። ጠዋት የመቶ ዓመት ደብዳቤ መስሎ ይደርቃል። ጠርዙን በእጅሽ ቅደጂው፤ በሻማ ማቃጠል የሚሉትን አትስሚ። ልጅሽ በፊደላችን «እንኳን ደህና መጡ» ብላ ትጻፍበትና በሩ ላይ ይለጠፍ። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ የምስጢር ጽሑፍ መስሎት ለብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። ባልሽ ግን ክታብ እንዳይመስለው አስቀድመሽ ንገሪው!

ሙሉ ወጪዬ፣ ሰማያዊውን የቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ጨምሮ፣ ባለፈው ዓመት 11 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር።

አንድ ነገር ላክልልሽ፣ ስህተቴን። ከጨርቅ የሚሠራ ጣዕረ ሞት አለ፤ ልጆቹ ጎስት የሚሉት። ፊኛ ነፍተሽ ጠርሙስ አፍ ላይ ታስቀምጫለሽ። ነጭ ኮላና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅለሽ ስስ ጨርቅ ትነክሪበታለሽ፣ ጨምቀሽ ፊኛው ላይ ትጥያለሽ። አድሮ ሲደርቅ ፊኛውን ታፈነጅዋለሽ። ጨርቁ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ዓይኑን ከጥቁር ወረቀት ቆርጠሽ ትለጥፊና በክር ታንጠለጥይዋለሽ።

እኔ ሻሽ አልነበረኝም። ቁም ሳጥን ሥር ከአሮጌ ልብስ ጋር ያገኘሁትን ስስ ነጠላ ለግማሽ ልቀደው ነበር፤ ደግነቱ አልቀደድኩትም፣ እንዳለ ነከርኩት። እናቴ በዚያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጠዋት ቡና ልትቆላ ስትነሳ ነጠላዋ ሁለት ጥቁር ዓይን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። «በስመ አብ!» ስትል ከመኝታዬ ዘለልኩ። «የጥቅምት ማርያምን ልስምበት ያመጣሁትን ነጠላ ሰይጣን አለበስሽው?» ኦክቶበር 31 በብዙው ዓመት ጥቅምት 21 ነው፤ ማርያም ናት። እኔ የት አስቤው!

ኮላው ለልጆች የሚሸጠው፣ በውኃ የሚለቀው ዓይነት ስለነበር ተርፌያለሁ። ለብ ባለ ውኃ ሦስት ጊዜ ዘፈዘፍኩት። ነጠላው ዳነ፣ ጥለቱ ግን በአንድ በኩል እስከ ዛሬ ካርቶን ነው። እማዬ አሁንም በስልክ «ያ ሰይጣንሽ ደህና ነው?» ትለኛለች። አንቺ ትንሽ ገንዘብ አውጥተሽ ሻሽ ግዢ።

ጥያቄ፦ እኔ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። የሌሊት ወፎቹን ከልጆቼ ጋር ሠርተን ኩሽና ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ማታ ማታ ይረግፋሉ። ጠዋት ስነሳ ግማሹ ወለል ላይ ነው። (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የወፎቹ አይደለም፣ የሽንኩርቱ ነው። ወጥ የሚሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ ለዓይን የማይታይ ቅባት አለ፤ ፕላስተር አይዝበትም። በጨርቅ አልኮል ነክተህ ጥረገውና በደንብ ይድረቅ። ከምድጃው አጠገብ ያሉትን ግን ጨርሶ አንሳቸው። ወረቀትና እሳት ናቸው።

ፕላስተሩ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊው ይሁን። ቆርጠህ የሚጣበቀው ወደ ውጭ እንዲሆን እንደ ቀለበት ጠቅልለውና ከወፉ ገላ ሥር አድርገው። የተለመደው ዓይነት ያለ ጣጣ ይነሳል የሚባለው ለ14 ቀን ነው፤ ስለዚህ ከኦክቶበር 18 በፊት አትለጥፍ። በቅርቡ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ መጀመሪያ ከሶፋ ጀርባ ሞክረው።

ይህን የማውቀው ከፍዬበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት በኩል የሚጣበቀውን ስፖንጅ ፕላስተር ተጠቀምኩ። ሲነሳ ቀለሙን ከነልጡ ይዞት መጣ፣ ቤቱን ስንለቅ ካስያዝነው ገንዘብ (ዲፖዚት) ላይ ተቀነሰ። ከበድ ያለ ነገር የምትሰቅል ከሆነ ኮማንድ የሚባለውን ተለጣፊ መስቀያ ግዛ። ስታነሳው ምላሱን ወደ ራስህ አትሳበው፤ ግድግዳውን ታክኮ፣ ቀስ እያለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሳብ።

መብራት ካስፈለገህ የባትሪ ሻማ እንጂ እውነተኛ ሻማ ከወረቀት ሥር አይሁን። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር መሆኑን እይ። ያቺን እንደ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ልጅ ከዋጣት ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ ያስቀመጥነውን ዱባ ከሃሎዊን በኋላ ወጥ ብሠራውስ? መጣሉ አሳዘነኝ። (ቆጣቢዋ)

መልስ፦ ተቀርጾ ውጭ የሰነበተውን አትንኪው፣ ይበላሻል። ያልተቀረጸ ከሆነ ይበላል፤ ግን ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ውኃ ውኃ ይላል፣ ክሩም ይበዛል። ለወጥ ትንሿን፣ ለፓይ የምትሸጠውን ግዢ። ስትቀርጪ የምታወጪውን ፍሬ ግን እንዳትጥይው፤ አጥበሽ አድርቀሽ፣ ጨው ነካ አድርገሽ በምጣድ ቁዪው። የዚያን ቀን የቡና ቁርስ እሱ ነው።