ቁራውን ቀስ ብለሽ አንብቢው

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ሰሞኑን ጓደኛዬ «ዘ ክሮው» («ቁራው») የሚባለውን የጄምስ ኦባር ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም በስዕል የተተረከ ልብ ወለድ፣ አዋሰችኝ። አንድ ሰው ከሞት ይነሣና እሱንና እጮኛውን የገደሉትን አንድ በአንድ እያደነ ይገድላል። በቃ፣ ሌላ ነገር አላየሁበትም። እሷ ግን ባነበበችው ቁጥር ታለቅሳለች። ምን አምልጦኝ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት እንዳንቺ ነው። ተኩስ ተኩሱን እያሳደድኩ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። «አሪፍ ነው» ብዬ መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። አባቴ ከሞተ በኋላ መልሼ ሳወጣው ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነው። ከሞት የተነሣው ኤሪክ ከእጮኛው ከሼሊ ጋር ይኖርበት ወደነበረው ባዶ ቤት ይመለሳል። እዚያ ማንም አይሞትም። እሱ ብቻ ከትዝታው ጋር ይቀመጣል። እኔ የአባቴን መነጽር ከጠረጴዛው ላይ ለማንሳት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። አቧራውን እጠርግና እዚያው እመልሰው ነበር። ያ ገጽ ያንን መነጽር ነው ያስታወሰኝ።

ልብ ብለሽ ከሆነ ኤሪክን ጥይት አይጥለውም። ስለዚህ ተኩሱ ውስጥ ስጋት የለም፤ እንደሚያሸንፍ ቀድመሽ ታውቂያለሽ። የሚያቆስለው ቤቱ ነው። አብሮት የሚሄደው ቁራም ኤሪክን የሚገሥጸው ገዳዮቹን ፍራ ብሎ ሳይሆን ወደ ኋላ አትመልከት ብሎ ነው። እሱ ግን አይሰማም፤ ያያል። ስዕሉንም እዪው። ግድያው በድቅድቅ ጥቁር ቀለም፣ ትዝታው ደግሞ በለስላሳ ግራጫ ነው የተሳለው።

አንቺን በተለይ የሚመለከት ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1978 ኦባር 18 ዓመቱ ሳለ እጮኛውን የሰከረ ሾፌር ገጭቶ ገደለበት። መጽሐፉን መሳል የጀመረው በ1981፣ በወታደርነት ጀርመን ሳለ ነው፤ የታተመው በ1989። የመኪና አደጋ ደግሞ በየጎዳናው የሚታደን የወንበዴ ቡድን የለውም። ገዳዮቹን ስም ሰጥቶ የፈጠራቸው ለዚህ ይመስለኛል። በቀሉ ፈጠራ ነው፣ ሐዘኑ ግን የራሱ ነው። በነገራችን ላይ መሳሉ እንዳላሻለው፣ እንዲያውም ንዴቱን እንዳባሰበት ራሱ ተናግሯል።

እንከን የለውም አልልሽም። ግጥሙና የዘፈን ስንኙ ይበዛል፤ አንዳንዱን ዘልዬዋለሁ። ሼሊም ከመወደድና ከመሞት ሌላ ብዙ ሥራ አልተሰጣትም። እሷ ላይ የሚፈጸመው ጥቃትና ኤሪክ ራሱን በስለት የሚቆርጥበት ቦታ ደግሞ ይከብዳሉ። ከከበዱሽ እለፊያቸው፤ ታሪኩ አይጠፋብሽም።

በ2011 በወጣው እትም ላይ ያኔ ያልገቡ ገጾች ተጨምረዋል። ጓደኛሽ ያዋሰችሽ የቀድሞው ከሆነ አዲሱንም ፈልጊው። አሁን ግን የቤቱን ገጾች ብቻ ደግመሽ እያቸው፣ ምሽት ላይ ባይሆን ይሻላል።