ሰፊው የሸክላ ምድጃ ወይስ ትንሹ የዶቃ ምድጃ?

የአንባቢ ጥያቄ፦ በጋዝ ቶርች የመስታወት ዶቃ መሥራት ጀምሬያለሁ። የሠራሁትን ሙቀት በሚቋቋም የፋይበር ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቀዘቅዛለሁ። ሲወጣ ደህና ነው፤ ከቀናት በኋላ ግን አንዳንዱ ተቀምጦ ባለበት ይሰነጠቃል። አሁን ምድጃ ልገዛ ነው። ያገለገለ ሰፊ የሸክላ ምድጃ አግኝቻለሁ። መቆጣጠሪያው ግን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚል መዞሪያ ብቻ ነው። በዚያው ዋጋ ትንሽ የዶቃ ምድጃ ከዲጂታል ኮንትሮለር ጋር አለ። የቱን ልውሰድ?

መልስ፦ ትንሹን ይውሰዱ። የሰፊው ስፋት ቢያስጎመጅም ለእርስዎ ሥራ አይሆንም።

ትኩስ ዶቃ ሲቀዘቅዝ ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ይኮማተራል። በዚህ መሀል ውጥረት ተቆልፎ ይቀራል። የእርስዎን ዶቃ ከቀናት በኋላ የሚሰነጥቀው ይኸው ነው። ፋይበሩ ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል እንጂ ውጥረቱን አያወጣውም። ውጥረቱ የሚለቀው ዶቃው ተገቢው ሙቀት ላይ ቆይቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲወርድ ነው። 104 ለሚባለው ለስላሳ መስታወት ይህ ሙቀት ከ510 እስከ 520 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቦሮሲሊኬት ለሚባለው፣ ሙቀት ለሚቋቋመው ጠንካራ መስታወት ወደ 565 ይጠጋል።

ስለዚህ የሚገዙት ጉልበት ሳይሆን ትክክለኛ የሙቀት ቁጥጥር ነው። የሸክላ ምድጃ ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ እርስዎ ግማሹም አያስፈልግዎትም። በመዞሪያ ብቻ 515 ላይ አንድ ሰዓት አቆማለሁ ማለት ደግሞ ዘበት ነው። ከፍ ካለ ዶቃው ይለሰልስና ያረፈበት ነገር ምልክት ይተውበታል። ዝቅ ካለ ውጥረቱ እንዳለ ይቀራል።

ኮንትሮለሩን ግን ዲጂታል ስለሆነ ብቻ አይመኑት። አንዳንዱ ቁጥር ከማሳየት የዘለለ ሥራ የለውም። በሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ የት ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም መሙላት መቻል አለብዎት። ለተለመደ መጠን የ104 ዶቃ እንዲህ ይሞክሩ፦ እየሠሩ ሳለ ምድጃው 515 ላይ ይቆይ። የመጨረሻው ዶቃ ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ይጨምሩለት። ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ እስከ 370 ይውረድ፤ ከዚያ ይጥፋ። በሩን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱ። ወፍራም ዶቃ ሁሉንም ነገር ረዘም ይፈልጋል።

ቀጥሎ በሩን ይዩ። ዶቃው ከተጠመጠመበት የብረት ዘንግ ጋር ትኩስ እንዳለ ነው የሚገባው። ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ምድጃ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ፊትዎ ይወጣል። የዶቃ ምድጃ ግን ፊት ለፊት ትንሽ መስኮት አለው፤ የዘንጉ ጫፍ ውጭ ቀርቶ ዶቃው ውስጥ ይተኛል። ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። የያዙት ብረት ነው፤ የጋለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢነካ ኮረንቲ ይይዝዎታል። ማብሪያው ከሌለው በከፈቱ ቁጥር ራስዎ ያጥፉት።

ግድግዳው የእሳት ጡብ ይሁን ፋይበር ብዙ ሰው ያከራክራል። ፋይበር ቀላል ነው፣ ቶሎም ይሞቃል። ጡብ ሙቀት ይይዛል፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ብዙም አይናወጥም። ለዶቃ እኔ ወደ ጡብ አደላለሁ፣ ግን በዚህ የተነሳ ጥሩ ኮንትሮለር ያለውን የፋይበር ምድጃ አልተውም።

የኤሌክትሪኩን ነገር ከመክፈልዎ በፊት ይጨርሱ። የምድጃው ቮልቴጅ ከቤትዎ ጋር አንድ መሆን አለበት። 1,500 ዋት የሚወስድ ምድጃ በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል፣ በ120 ቮልት ደግሞ 12.5 አምፔር ይስባል። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ቀጭን ኤክስቴንሽን ለሰዓታት ሲግል ሊቀልጥ ይችላል።

ወደፊት ጠፍጣፋ መስታወት አቀልጣለሁ ካሉ፣ ያ ሥራ ወደ 800 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ማሞቂያ ሽቦውም ከላይ ቢሆን ይመረጣል። አሁን ለዚያ ብለው አይግዙ።

እስካሁን ሳይሰነጠቁ የቀሩትን ዶቃዎች አይጣሉ። ምድጃው ሲመጣ ሁሉንም ቀዝቃዛ እንዳሉ ያስገቧቸው። በሰዓት ከ200 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት ወደ 515 ያውጧቸው፣ አንድ ሰዓት ያቆዩ፣ ከዚያ ከላይ እንዳልኩት ያውርዱ። የተሰነጠቀው ግን በዚህ ሙቀት አይገጥምም።