ለምን ሁሉም ሰፈር 50 ብር ሆነ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ትንሽ የዕቃ ማድረስ ሥራ አለኝ። ሒሳቡን የሚያወጣልኝ ኮድ በፓይተን (በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጻፍኩ። ከዚራና ሳቢያን 50 ብር፣ ሌላው 80 እንዲሆን ነበር። አሁን ገንደ ቆሬም መጋላም 50 ይለኛል። ኤረር (የስህተት መልእክት) እንኳ አያወጣም። ሦስት ቀን አፈጠጥኩበት።

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ዝም ብሎ የሚያልፍ ስህተት ነው ክፉው። የላክህልኝ መስመር ይኸው፣ የእንግሊዝኛዎቹን የፓይተን ቃላት በእኛ ፊደል ጽፌልህ፦

ኢፍ ሰፈር == "ከዚራ" ኦር "ሳቢያን":

አንተ «ሰፈሩ ከዚራ ወይም ሳቢያን ከሆነ» ማለትህ ነው። ፓይተን ግን ለሁለት ከፍሎ ያነበዋል። መጀመሪያ «ሰፈሩ ከዚራ ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ሳቢያን» የሚለውን ቃል ብቻውን ያያል። ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ደግሞ ለፓይተን ሁሌም እውነት ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ብትገባም መልሱ ያው «አዎ» ነው።

እንዲህ ቀይረው፦

ኢፍ ሰፈር ኢን ("ከዚራ", "ሳቢያን"):

ነገ ሰፈር ሲጨመር ግን ኤሊፍ («ያ ካልሆነና ይህ ከሆነ» የሚለውን) በኤሊፍ ላይ እንዳትደራርብ፤ እኔ እንዲህ ያለ ኮድ ሳይ ያመኛል። ዲክሽነሪ አድርገው። ሰፈሩና ዋጋው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ልክ ሱቅ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ የዋጋ ዝርዝር። ዋጋውን በ«ጌት» ስትጠይቅ ሁለተኛው ቦታ ላይ 80 ጻፍ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰፈር ሁሉ 80 ይመጣለታል።

ከዚያ በኋላ ሳቢያንን 80 ካለህ፣ ሰፈሩን በ«ሪፕር» (ጽሑፉን ከነጥቅስ ምልክቱ በሚያሳየው) ፕሪንት አድርገው። ከ«ን» በኋላ ክፍት ቦታ ታይ ይሆናል፤ ስልክ ላይ ሲጻፍ ሾልኮ ይገባል። «ስትሪፕ» ያጠራዋል።