ስለ ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ ለጠየቃችሁኝ

ስለዚህ የቦሎኛ ሰው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ነገር ሰውየው ማን ነው?

በ1658 ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ከመኳንንት ቤት ተወለደ። ማዕረጉ ኮንት ነው። ለኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ለቀዳማዊ ሊዮፖልድ በጦር መሐንዲስነት፣ በጄኔራልነትና በተደራዳሪነት አገልግሏል። በ1730 እዚያው ቦሎኛ ሞተ።

ጥያቄ፦ ምሕንድስና የት ተማረ? ዲግሪ ነበረው?

የለውም። እንደ ማልፒጊ ካሉ የከተማው ሊቃውንት እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው የተማረው። ምሽግና ድልድይ መሥራቱን የለመደው ግን ጦር ሜዳ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቦስፎረስ ላይ ያደረገውን ሙከራ ብትነግረን?

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይኼ ነው። በ1679፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ከቬኒስ መልእክተኛ ጋር ቁስጥንጥንያ ሄደ። በቦስፎረስ ሰርጥ ላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ ይወርዳል። የአገሩ ዓሣ አጥማጆች ግን ከሥር ወደ ተቃራኒው የሚሄድ ውሃ እንዳለ ያውቁ ነበር። ማርሲሊ ወሬውን ሰምቶ ዝም አላለም። ነጭ ቀለም የተቀቡ ቡሾች ገመድ ላይ አሰረ፤ ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ከጀልባ ላይ ለቀቀው። ላይ ያሉት ቡሾች ወደ ማርማራ፣ ታች ያሉት ወደ ጥቁር ባሕር ሄዱ።

ምክንያቱንም ፈለገ። የሁለቱን ውሃ መዘነ፤ የታችኛው ጨው ስለሚበዛበት ይከብዳል። ከዚያ ሣጥን አሠርቶ መሃሉን ጋረደው። በአንዱ ወገን ቀለል ያለ፣ በሌላው ጨው የበዛበትና ቀለም የገባበት ውሃ ሞላ። የግርዶሹን ቀዳዳዎች ሲከፍት ከባዱ በታች፣ ቀላሉ በላይ ተሻገሩ። ባሕሩ ውስጥ የሚሆነው በሣጥን ውስጥ ታየ። በ1681 ሮም ላይ አሳትሞ ለስዊድኗ ንግሥት ክርስቲና አበረከተው።

ጥያቄ፦ ተማርኮ ቡና አፍልቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1683 ራብ በሚባል ወንዝ አጠገብ ታታሮች አቁስለው ማረኩት፤ ለኦቶማኖች ተሸጠ። ኦቶማኖች ቪየናን ከበው ሳለ እሱ በእነሱ ሰፈር ቡና በሚፈላበት ድንኳን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከበባው ሲሰበር ቦስኒያ ተወሰደና በ1684 ቤዛ ተከፍሎለት ተለቀቀ። በዓመቱ ስለ ቡና መጽሐፍ አሳተመ! ከእኛ ደኖች ተነስቶ በየመን በኩል ኦቶማኖች ጋ የደረሰው ቡና ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዲፕሎማትነቱስ?

ያ ሁሉ መከራ እዚህ ጋ ጠቀመው፤ ኦቶማኖችን ከውስጥ ያውቃቸዋል። በ1699 ንጉሠ ነገሥቱ ከኦቶማኖች ጋር የታረቀበት የካርሎቪትስ ውል ሲፈረም አማካሪ ነበር። ከዚያ እስከ 1701 በንጉሠ ነገሥቱ በኩል የድንበር ኮሚሽኑን መርቶ አዲሱን ወሰን መሬት ላይ ወርዶ አስመረ። ወንዙን ሁሉ፣ ተራራውን ሁሉ ከካርታ ሠሪው ሙለር ጋር ለካ።

ጥያቄ፦ ከሃዲ ነበር የሚሉ አሉ። አንተ ምን ትላለህ?

በፍጹም አልስማማም። በ1703 ራይን ወንዝ ዳር ያለው የንጉሠ ነገሥቱ የብራይዛኽ ምሽግ ለፈረንሳይ እጁን ሰጠ። አዛዡ ኮንት አርኮ ነበር፤ ማርሲሊ ምክትሉ። አርኮ በ1704 አንገቱ ተቀላ። የማርሲሊ ማዕረግ ተገፈፈ፣ ሰይፉ ተሰበረ። እሱም የወታደሩና የመሣሪያው እጥረት እንደነበር ጽፎ ተከራከረ። ሃያ ዓመት የደማላቸው ሰዎች ይህን ማድረጋቸው ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ምን ሠራ?

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ አጠገብ ካሲስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ገባ። የባሕሩን ጥልቀትና ሙቀት ለካ፤ ባሕር ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ የሚያድገውን ኮራልም መረመረ። በ1725 የባሕር መጽሐፉ፣ በ1726 ደግሞ ባለ ስድስት ቅጹ የዳኑብ ወንዝ መጽሐፉ ታተሙ።

ጥያቄ፦ ኮራልን ተክል ነው ብሏል አይደል?

አዎ። ውሃ ውስጥ ያኖረው ኮራል ነጫጭ ነገር ሲያወጣ አበባ መሰለው። እንስሳ መሆኑን ያወቀው ከእሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፔይሶኔል ነው። አይቶ የጻፈው ግን ትክክል ነበር።

ጥያቄ፦ ቦሎኛ ብሄድ የማየው ነገር አለ?

ሞልቷል። በ1712 መጻሕፍቱን፣ መሣሪያዎቹንና የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ለከተማው ሰጥቶ የሳይንስ ተቋም አስቋቁሟል። ተቋሙ የነበረበት ፓላዞ ፖጂ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ነው። የምሽግ ሞዴሎቹን ሳታይ እንዳትወጣ።