ሳሎን ላይ እምነበረድ ላስነጥፍ ወይ ብለው ለጠየቁት እህት

ሰላም እህቴ። የጻፉትን እንደተረዳሁት፦ አዲስ አበባ ላይ ጂ+1 ቤት እያጠናቀቁ ነው፣ የምድር ቤቱ ሳሎንና ኮሪደር 40 ካሬ፣ ወጥ ቤቱ 12 ካሬ ነው። ባለቤትዎ ሁሉም ነጭ እምነበረድ ይሁን ይላሉ፣ እርስዎ ፖርሰሊን (በፋብሪካ የተጋገረ ንጣፍ) ይሻላል ብለው ያመነታሉ፣ ሠራተኛው ደግሞ በአሥር ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ ብሏል። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ከስር ያለው ወለል ደረቅ ከሆነና ለሥራው ከአንድ ወር በላይ መስጠት ከቻሉ ሳሎኑና ኮሪደሩ እምነበረድ ይሁን። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ፖርሰሊን ይሁን። በአሥር ቀን ይለቅ ከተባለ ግን ቤቱን በሙሉ ፖርሰሊን ያድርጉት።

ወጥ ቤቱን ለምን እንደለየሁት ላስረዳ። እምነበረድ ባብዛኛው ካልሳይት የሚባል ማዕድን ነው፤ ካልሳይት ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ወይን፣ ጠጅ ጠብ ባለበት ቦታ አንጸባራቂው ገጽ ይበላና ደብዛዛ ክብ ምልክት ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ቆሻሻ መስሎት ሲፈትግ ይውላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ስለተበላ እንደገና ካልተወለወለ አይመለስም። ሻጮች «ሲለር ከተቀባ ምንም አይነካውም» ይላሉ። ሲለር፣ ማለትም ድንጋዩ ላይ የሚቀባው መከላከያ ፈሳሽ፣ ዘይትና ቀለም ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ ከአሲድ አያድንም። ወጥ የሚሠራበት፣ ቲማቲም የሚከተፍበትና ዘይትና በርበሬ በየቀኑ የሚፈናጠርበት ክፍል ላይ ነጭ እምነበረድ ማንጠፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጸጽታል።

ሳሎኑም ቢሆን የራሱ ጠላት አለው፤ አሸዋ። የእምነበረድ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ 3 አካባቢ ነው። በጫማ የሚገባው አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል የአሸዋ ማዕድን 7 ነው፤ ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ስለዚህ በበጋ የአዲስ አበባ አቧራ በየእርምጃው ወለሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ከበሩ እስከ ሶፋው ያለው መተላለፊያ ነው። ቤተሰቡ ጫማ አውልቆ የሚገባ ከሆነ ወለሉ ለዓመታት አምሮ ይቆያል። ካልሆነ ከበሩ ውጭ ሸካራ፣ ከውስጥ ደግሞ ቢያንስ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ምንጣፍ ያስፈልጋል።

ቡና የሚፈላበትንም ቦታ ከአሁኑ ያስቡ። እርጥብ ቄጠማ ነጭ እምነበረድ ላይ አድሮ ሲጠወልግ አረንጓዴ ቡናማ ቀለም ይለቃል፣ የፈሰሰ ቡናም ቶሎ ካልተጠረገ ይሰርጋል፣ የከሰል ምድጃ በቀጥታ ሲቀመጥበት በአንድ ቦታ የሚከማቸው ሙቀት ድንጋዩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግ ከታወቀ እዚያ ላይ ጠቆር ያለ ግራናይት በ1.5 በ1.5 ሜትር እንደ ምንጣፍ ማስገባት ይቻላል፤ ያምራልም። ያ ካልሆነ ከቄጠማውና ከምድጃው ስር ሁልጊዜ የሚነጠፍ ነገር ይኑር።

ቅዝቃዜውንም አይርሱት። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ቢሆን ኖሮ ይህ ራሱ እምነበረድን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ጠዋትና ማታ እግር ያቀዘቅዛል፤ የሚድህ ልጅ ወይም አረጋውያን ካሉ መሃሉ ላይ ምንጣፍ መኖሩ አይቀርም። ፖርሰሊንም ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ምርጫውን የሚወስነው ይህ አይደለም።

የሚወስነው ከስር ያለው ወለል ነው። እምነበረድ የሚበላሸው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታች በሚመጣ እርጥበትም ነው። የምድር ቤቱ ኮንክሪት ሲፈስ ከስሩ ፕላስቲክ ተነጥፎ ነበር? የማያውቁት ከሆነ እንዲህ ይፈትሹ፦ ጥርት ያለ ፕላስቲክ 50 በ50 ሳ.ሜ. ቆርጠው በባዶው ኮንክሪት ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ያሽጉና አንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ሳሎኑ ላይ ሦስት ቦታ ያድርጉት፣ አንዱ ከውጭ ግድግዳ አጠገብ ይሁን። ሲያነሱት ከስሩ ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ጠቁሮ ከታየ እርጥበት እየወጣ ነው። በዚያ ላይ ነጭ እምነበረድ ከተነጠፈ ውሃው የሲሚንቶውን ጨውና የአሸዋውን ዝገት ይዞ በድንጋዩ ውስጥ ይወጣል፤ ቢጫ ጥላና መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት ያያሉ። ቢጫው ከሰረገ በኋላ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። እርጥበት ከተገኘ ኮንክሪቱ ላይ እርጥበት መከላከያ ይቀባል፤ ወይም ነጩ ቀርቶ ሌላ ነገር ይነጠፋል። ፈተናው በክረምት ቢደረግ የበለጠ ይታመናል፤ በበጋ ደረቅ የመሰለ ወለል በሐምሌ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቤቱ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ሌላም ጥያቄ አለ። ያ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በደንብ ተቆርጦ ካልወጣ ከላዩ ያለው ወለል አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። ኮንክሪቱ ላይ አሁን ስንጥቅ ካለ እርሳስ ወስደው የስንጥቁን ጫፍ ምልክት ያድርጉና ቀኑን ይጻፉበት። ከምልክቱ አልፎ ከሄደ ምንም ዓይነት ድንጋይ አያንጥፉ፤ የስንጥቁ ምክንያት በመሐንዲስ ይታይ።

ከፍታውን ከአሁኑ ያስሉ። 2 ሳ.ሜ. ድንጋይና 4 ሳ.ሜ. ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) 6 ሳ.ሜ. ይሆናል። በሮቹ ተገጥመው ከሆነ ከስር ይቆረጣሉ። የደረጃው የመጀመሪያ እርከን በ6 ሳ.ሜ. ያጥራል፤ ሰው የሚደናቀፈው እንዲህ ያለ አንድ እርከን ከሌሎቹ ሲለይ ነው። የወጥ ቤቱ ፖርሰሊን 1 ሳ.ሜ. ገደማ ስለሆነ እኩል እንዲመጣ ከስሩ ያለው ሊሾ (የሲሚንቶ ልስን ወለል) ወፈር ብሎ ይሠራ። ክብደትም አለ፤ ድንጋዩ በካሬ 54 ኪሎ፣ ሞርታሩ ደግሞ 80 ኪሎ ገደማ ነው። ምድር ላይ ችግር የለውም። ፎቁንም ካማራችሁ ግን ሶሌታው (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ይህን ጭነት መቻሉን ያሰላው መሐንዲስ ሳያረጋግጥ አትጀምሩ።

ወደ ግዢው ልምጣ። አገር ውስጥ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እምነበረድ በጣም የታወቀ ነው። አገር ውስጥም ይሁን ከውጭ የመጣ፣ ናሙና አይተው ብቻ አይክፈሉ፤ የሚጫነውን ድንጋይ ራሱን ይዩ። ከአንድ ብሎክ የተቆረጠ ካልሆነ ነጩ ከነጩ ይለያል። ቁራጭ ላይ የውሃ ጠብታ ያድርጉና 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቦታው ከጠቆረ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው፣ ቀለምም ይጠጣል። ጀርባውን ይገልብጡ፤ የፋይበር መረብ ከተለጠፈበት ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ደካማ ስለሆነ የተደገፈ ነው፣ ያ ጀርባ ደግሞ ከተራ ሲሚንቶ ጋር በደንብ አይያያዝም። ውፍረቱን በአምስት ስድስት ድንጋይ ላይ ይለኩ፤ ከ1 ሚ.ሜ. በላይ ከተለያየ አነጣጠፉ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥምም። ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ለክተው እኩል ካልሆኑ ድንጋዩ ስኳድራ አይደለም፣ ማለትም ጥጎቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም። አረንጓዴ እምነበረድ እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ሰርፐንቲን የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው፤ በውሃ በተቦካ ሲሚንቶ ሲነጠፍ ይጣመማል፣ በኢፖክሲ (ውሃ በሌለው ማጣበቂያ) ካልሆነ አይሞክሩት።

ለ40 ካሬ ወለል 10 በመቶ ብክነት ጨምረው 44፣ ዙሪያው 36 ሜትር ቢሆን ለ10 ሳ.ሜ. ዞኮሎ (ግድግዳው ስር ዙሪያውን ለሚለጠፈው) 4 ካሬ፣ ለኋላ ጥገና የሚቀመጥ 2 ካሬ፤ በድምሩ 50 ካሬ ይዘዙ። መጠባበቂያውን አይተዉት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የዚያን ብሎክ ወንድም አያገኙትም። ጭነቱ 2,700 ኪሎ ገደማ ነው። ድንጋዩ በጠርዙ ቆሞ ይጓጓዝ፣ ተኝቶ ከተደራረበ ይሰበራል።

ለሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ነው። 40 ካሬ በ4 ሳ.ሜ. 12 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶና 1.7 ሜትር ኩብ አሸዋ ይወስዳል፤ 2 ኩብ አሸዋ ያስመጡ። አሸዋው ይታጠብ። ጭቃና ዝገት ያለበት አሸዋ ከነጭ ድንጋይ ስር አንዱ የቢጫ ምንጭ ነው። ሞርታሩ እርጥበቱ ትንሽ ይሁን፦ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ውሃ የማያንጠባጥብ። በውሃ የቀጠነ ሞርታር ሲደርቅ ይሸማቀቅና ድንጋዩን ባዶ ላይ ይተወዋል። ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት የሚፈሰው ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) በነጭ ሲሚንቶ ይሁን፤ ግራጫው በነጭ ድንጋይ በኩል ጥላ ያሳያል። የድንጋዩ ጀርባ ከአቧራ ይታጠብ።

ከማንጠፍ በፊት ሁሉም ድንጋይ በደረቁ ተደርድሮ የመስመሮቹ ፍሰት ይታይ፣ ከዚያ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበት። በማርከር አይጻፍ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል። መገጣጠሚያው ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. ይሁን። ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሚ.ሜ. ክፍተት ይቅር፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል፤ ይህ ክፍተት በሲሚንቶ ከተደፈነ ወለሉ ሲለጠጥ መሄጃ አጥቶ መሃል ላይ ይነሳል። አንዱ ጎን ከ8 ሜትር ካለፈ መሃሉ ላይ በሲሊከን የሚሞላ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ፀሐይ በመስታወት ቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ይውረድ።

ጉልበት ለመቆጠብ ብለው በአራት ጥግና በመሃል ብቻ ጉብ ጉብ አድርገው ሞርታር የሚያስቀምጡ አሉ። ይህን በዓይንዎ ይከታተሉ። ከስር ባዶ የሆነ ጥግ ላይ የከባድ ቁምሳጥን እግር ሲያርፍ ጥጉ ይሰበራል። ከሦስት ቀን በኋላ እያንዳንዱን ድንጋይ በእንጨት እጀታ ያንኳኩ፤ ጥጉ ወይም ሰፊው ክፍል ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ተነስቶ እንደገና ይነጠፍ። ክፍያ ከመጨረስዎ በፊት ያድርጉት።

አሥር ቀን የማይበቃው እዚህ ላይ ነው። ማንጠፉ በስድስት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ ሦስት ቀን አይረገጥም፣ መገጣጠሚያው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ክፍት ሆኖ እርጥበቱ ይወጣል፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የመወልወያ ማሽን ይገባል። ሲለር የሚቀባው ድንጋዩ አንድ ወጥ ቀለም ይዞ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ጠርዙ ጠቆር ብሎ መሃሉ ከነጣ ገና ነው። እርጥብ ላይ የተቀባ ሲለር እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል። በዚህ ጊዜ ወለሉን በፕላስቲክ፣ በካርቶን ወይም በእንጨት አይሸፍኑት፤ የሸፈነው ነገር ቅርጽ ታትሞ ይቀራል። ቀለም ቀቢው ሥራውን ቀድሞ ይጨርስ፣ የመጨረሻው እጅ ብቻ ይቆይ።

ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ጽዳት በአሲድ አይደረግም»። የሴራሚክ ሠራተኞች የሲሚንቶ ጠብታ በአሲድ ማጽዳት ለምደዋል። እምነበረድ ላይ ይህ ከተደረገ የአንድ ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃም እንዲሁ ነው።

ከገቡ በኋላ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ወይም ለስላሳ መጥረጊያ አቧራውን ማንሳት፣ ከዚያ በጥቂት ገር ሳሙና የተነከረና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። በረኪና፣ ኮምጣጤና ሎሚ አይንኩት። ሰም አይቀቡት፤ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻም ይይዛል። በየዓመቱ የውሃ ጠብታውን ፈተና ይድገሙት፤ ድንጋዩ መጠቆር ከጀመረ ሲለሩ ይታደስ።

ባለቤትዎ ወጥ ቤቱንም ካሉ እምነበረድ የሚመስል ፖርሰሊን በ60 በ60 ያሳዩአቸው፤ ከሳሎኑ ጋር በር ላይ በቀጭን ጠቆር ያለ የግራናይት መስመር ከተለየ ዓይን ልዩነቱን አይቆጥረውም። የፕላስቲኩን ፈተና ዛሬ ማታ ያሽጉትና ነገ ማታ ሲያነሱት ፎቶውን እዚሁ ይለጥፉት፣ አብረን እናየዋለን።