ስክሪኑን ከማስቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። በስልክ ረጅም ነገር መጻፍ ስለሚሰለቸኝ ለዛሬ አሳደርኩት። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች በሙሉ «ድራይቨር አፕዴት አድርጊ» ብለው አልፈዋል። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ምስል ከሚሠራው ክፍል፣ ከግራፊክሱ፣ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ምክሩ ውሸት አይደለም። ግን «ራሴን አመመኝ» ላለ ሰው «መድኃኒት ውሰድ» እንደማለት ነው።

ላላነበቡት፣ ጥያቄሽ በአጭሩ ይሄ ነው። ላፕቶፕሽ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብልጭ ድርግም ይላል። ቻርጀር ሲሰካ ደህና ይሆናል፣ ሲነቀል ይብስበታል። ቢሮ በኤችዲኤምአይ የምትሰኪው 24 ኢንች ሞኒተር ደግሞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጠቁሮ ይመለሳል። ጠጋኙ «ስክሪኑ አልቆለታል፣ ይቀየር» ብሎሻል። አንቺም ልትከፍዪ ነው።

ቆዪ፣ ገና አትክፈዪ። እኔ ከፍዬ አይቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሁለት ወር እንደሠራሁበት ልክ እንዳንቺው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስክሪን ነው ተባልኩ፣ ተቀየረ፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ከፈልኩ። እዚያው ተሞከረ፣ ምንም የለበትም። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ መሥራት ሲጀምር አዲሱ ስክሪን አሮጌው ያደርግ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገ። ጥገና ቤት ደህና የመሰለው ቻርጀሩ ስለተሰካ ነበር። በኋላ ያዳነው ሴቲንግ ውስጥ አንዲት ነገር ማጥፋት ነው፤ ሳንቲም አላስወጣኝም። አሮጌው ስክሪን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ላይ አለ። ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል።

እና ጽሑፍሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ፣ ሁለት በሽታ እንደ አንድ አድርገሽ መጻፍሽ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ከባትሪ ጋር ይመጣል ይሄዳል። ሞኒተሩ ላይ ያለው ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ አይንቀጠቀጥም፣ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶ ነው የሚመለስ። ለየብቻ እንያቸው።

ከላፕቶፑ እንጀምር። ቻርጀሩን ንቀዪና ብልጭ ድርግም ሲል ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው መስኮት፣ ይከፈታል። ዓይንሽን እሱ ላይ አድርጊ። ሌላው ሁሉ እየበራ እየጠፋ ታስክ ማናጀሩ ብቻ ረግቶ ከቆመ፣ የሚያምስሽ አንድ ፕሮግራም ነው። አብሮ ብልጭ ካለ ጣትሽን ወደ ድራይቨሩ ቀስሪ። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው መለያ ነው።

ከዚያ አጥፍተሽ አስነሺና ወደ ባዮስ ግቢ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ ነው። እንደ አምራቹ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም ዲሊትን ደጋግሞ መጫን ነው። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ የለም፣ የዊንዶውስ ድራይቨርም የለም። ምንም ሳትነኪ፣ ቻርጀሩ እንደተነቀለ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ እዪው። እዚያም ብልጭ ድርግም ካለ ጠጋኙ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ባዮስ ላይ ፀጥ ብሎ ዊንዶውስ ሲነሳ ከጀመረ ግን ቦርሳሽን አትክፈቺ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዮስ ላይም ከታየ እንኳ ወዲያው «ፓኔል» (ምስሉ የሚታይበት ራሱ ስክሪኑ) አትበዪ። ከማዘርቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄድ ቀጭን ኬብል አለ፤ በክዳኑ ማጠፊያ በኩል ነው የሚያልፈው። ሺህ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ይላላል ወይም ይላጣል። ክዳኑን ቀስ ብለሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሺው። በሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ከባሰበት ወይም ከተሻለው ተጠርጣሪው እሱ ነው። ኬብሉ ከፓኔሉ በብዙ ይረክሳል። የስክሪኑን የፕላስቲክ ጠርዝ ከፍቶ ኬብሉን መልሶ መሰካት ብቻ የሚያድነው ጊዜም አለ።

የላክሽውን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወርዱት ጥቁር መስመሮች ግን ማስረጃ አይሆኑም። የስልክ ካሜራ ምስል የሚይዝበት ፍጥነትና ስክሪኑ የሚታደስበት ፍጥነት ስለማይገጥሙ ጤነኛ ስክሪንም ሲቀረጽ እንደዚያ ይመስላል። ከዚያ ይልቅ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ስክሪን ሪከርድ አድርጊና ቪዲዮውን በሌላ ስልክ እዪው። ብልጭታው ቪዲዮው ውስጥ ከገባ ከፕሮግራም ወይም ከዊንዶውስ የሚመጣ ነው። ካልገባ ምስሉ ወደ ስክሪኑ ሲሄድ መንገድ ላይ ወይም ራሱ ስክሪኑ ላይ ነው የሚበላሸው።

አሁን ወደ ጠረጠርኩት ነገር ልምጣ። ቻርጀር ሲነቀል ብቻ ለሚመጣ ብልጭታ መጀመሪያ የምጠረጥረው የኃይል ቁጠባን ነው። ላፕቶፕሽ ኢንቴል ኮር አይ5 ነው ብለሻል፤ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ኢንቴል ግራፊክስ ላይ ፓኔል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚባል ነገር አለ። ሐሳቡ ብልህ ነው። 60 ሄርዝ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ይቀበላል። አንቺ ኤክሴል ከፍተሽ ሂሳብ እያየሽ ከሆነ ግን 60ዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ታዲያ ያንኑ ደጋግሞ መላክ ለምን? ፓኔሉ የመጨረሻውን ምስል በራሱ ሜሞሪ ይይዝና እዚያው ያድሰዋል፤ ግራፊክሱ ያርፋል፤ ባትሪ ይቆጠባል። ማውሱን ስትነኪ ይነቃል። ጣጣው የሚመጣው በመተኛትና በመንቃት መሀል ነው። ድራይቨሩና ፓኔሉ በደንብ ካልተግባቡ እያንዳንዱ መንቃት ብልጭታ ሆኖ ይታያል።

የኔው ይሄ ነበር። ፊልም ሳይ ምንም የለም። ጽሑፍ ከፍቼ እጄን ሳነሳ ይጀምራል። በጣም ግራ ያጋባኝም ይኸው ነበር፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚብስበት ማሽን አይቼ አላውቅማ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ መቶ በመቶ ባልልም ለመማል ቅርብ ነኝ።

ለማጥፋት ኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር የሚለውን ክፈቺ። ከሌለሽ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ በነፃ ይገኛል። ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር በዪ። ኦን ባተሪ በሚለው ስር ፓኔል ሰልፍ ሪፍሬሽን አጥፊው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የፕሮግራሙ ስምና መልክ ይለያል፤ የምትፈልጊው ግን ይህንኑ ቃል ነው። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። እኔ ላይ ያን ያህል ልዩነት አላየሁም።

እዚያው አጠገቡ ዲስፕሌይ ፓወር ሴቪንግስ የሚባል አለ። እሱ ብልጭታ ሳይሆን መተንፈስ የሚመስል ነገር ነው የሚያመጣው። ነጭ ገጽ ስትከፍቺ ይበራል፣ ጥቁር ነገር ስትከፍቺ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ኤኤምዲ ያላቸው ሰዎች ቫሪ ብራይት የሚል ስም ያገኙበታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብራይትነስ ስር የራሱ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። ለሂሳብ ሥራ ሁሉንም አጥፊያቸው፣ ዓይንሽ ይረፍ።

ይህ ካልሠራ ነው ወደ ድራይቨር የምንሄደው። እና «አፕዴት» ከማለት በፊት ወደ ኋላ ማየት ይሻላል። ሦስት ሳምንት ብለሻል። ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ተጫነ? ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ግቢና አፕዴት ሂስትሪን እዪ፤ ድራይቨሮች ለብቻቸው ከነቀናቸው ተዘርዝረዋል። ቀኑ ከገጠመ ዲቫይስ ማናጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ የግራፊክሱ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫንም ካለ አሮጌው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው። ያኔ የላፕቶፕሽን ሞዴል ይዘሽ አምራቹ ድረገጽ ላይ ሂጂና ለሞዴልሽ ያስቀመጠውን አውርጂ። ከቺፕ ሠሪው የሚገኘው አዲሱ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ላፕቶፕ ሠሪዎች ድራይቨሩን ለራሳቸው ማሽን አስተካክለው ነው የሚያወጡት። ፋይሉ ከባድ ነው፤ የግራፊክስ ድራይቨር ብዙ መቶ ሜጋ ይደርሳል። ስለዚህ ፓኬጅሽን እዪና፣ ከተቻለ የቢሮ ዋይፋይ ላይ አውርጂው።

ዲዲዩ የሚባለውን ድራይቨር ጠራጊ የጻፈልሽ ልጅ አለ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን የመጨረሻው በር ነው። ከሄድሽበት አዲሱን ድራይቨር ቀድመሽ አውርጂ፣ ኢንተርኔቱን አጥፊ፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ላይ ሥሪው። ኢንተርኔቱ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ በመሀል ገብቶ የራሱን ይጭንብሽና ዞረሽ ዞረሽ እዚያው ነሽ።

በነገራችን ላይ፣ ሥራ ላይ እያለሽ ስክሪኑ ካበደ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢን አንድ ላይ ተጫኚ። ለአፍታ ጥቁር ይሆንና ድራይቨሩ እንደ አዲስ ይነሳል። የከፈትሽው አይዘጋም። አያድንም፣ ያስታግሳል።

ሞኒተሩ። ለአንድ ሰከንድ ጠፍቶ መመለስ ምልክቱ ተቋርጦ እንደገና ሲያያዝ የሚታይ ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ ኬብሉን ነው የምይዘው። ቢሮአችን ውስጥ ከአራት ሞኒተር አንዱ ብቻ እንደዚህ ያደርግ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሞኒተሩን ረገመ። ኬብሉን ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር ስለዋውጠው በሽታው ኬብሉን ተከትሎ ሄደ። አለቀ። አንቺም ከባልደረባሽ ጋር ለአንድ ቀን ተለዋወጪ፤ ካልኩሽ ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው።

ሌላ ኬብል ካጣሽ ጭነቱን ቀንሺለት። ፉል ኤችዲ በ60 ሄርዝ በሰከንድ 4.5 ጊጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ 4ኬ በ60 ደግሞ ወደ 18 ጊጋቢት። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተሽ ሞኒተሩን ምረጪ። 75 ሄርዝ ላይ ከሆነ ወደ 60 አውርጂው። ካቆመ ኬብሉ ወይም መሀል ያለው ኮንቨርተር መሸከም አቅቶት ነበር ማለት ነው። 59.94 የሚል ቁጥር ብታዪ አትደንግጪ፣ ጤነኛ ነው። ሞኒተሩ በራሱ ሜኑ ውስጥ ፍሪሲንክ (ስክሪኑ የሚታደስበትን ፍጥነት ከጌሙ ጋር የሚያስማማ ነገር) ካለውና ከበራ ደግሞ አጥፊው፤ ጌም ለማትጫወቺ ሰው አይጠቅምሽም፣ አንዳንድ ፓኔሎች ላይ ደግሞ ራሱ ብርሃን ያወዛውዛል።

«የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው» ላለው ወንድማችን፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀድሜ አልጠረጥረውም። የሞኒተርና የላፕቶፕ አዳፕተር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፎ ታገኛለህ፤ ትንሽ መውረድ አያሳስበውም። ምጣድ ሲለኮስ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲቫይደሩን እይ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የላላ ሶኬት ካለ ያኔ ይጋለጣል።

አንድ የሚያስቅ ግን እውነተኛ ነገርም አለ። ከፍ ዝቅ የሚል የጋዝ ወንበር ላይ ስትነሺ ወይም ስትቀመጪ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ መከላከያው ደካማ በሆነ ኬብል በኩል ሞኒተሩን ለአፍታ ሊያጠፋው ይችላል። ሞኒተርሽ የሚጠቁረው ከወንበር ስትነሺ ከሆነ አላበድሽም። እሱንም የተሻለ ኬብል ያድነዋል።

አሁን የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ታስክ ማናጀሩ አብሮ ብልጭ ይላል? ባዮስ ላይስ? ዛሬ ማታ ሞክረሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ላፕቶፑን ጥገና ቤት ጥለሽው ከመጣሽ ግን ቀድመሽ ደውዪላቸው፣ ሳይፈቱት።